የአለትን ዕድሜ እንዴት እናንብብ? ከመስክ ቅደም ተከተል እስከ ቤተ ሙከራ ቁጥር

ገደል ፊት ለፊት ቆሞ "ይህ አለት ስንት ዓመቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ ግን በሁለት እርምጃ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ የትኛው ንብርብር የትኛውን እንደሚቀድም ይለያል፤ ከዚያ በቅደም ተከተሉ ውስጥ በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ላይ በዓመት የተቆጠረ ዕድሜ ይገባል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ማስቀደም በዚህ ሙያ ብዙ ያስከፍላል። የቤተ ሙከራው መሣሪያ የሚናገረው ስለ አንድ ክስተት ብቻ ነውና፦ ክሪስታሉ ስለተፈጠረበት፣ ማዕድኑ ስለቀዘቀዘበት ወይም ሕይወት ያለው ነገር ስለሞተበት ጊዜ። ያ ክስተት ንብርብሩ ከተከመረበት ጊዜ ጋር ያለውን ዝምድና የሚያውቀው መስኩ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሲከተሉ አንድ ጥያቄ ከእጅዎ አይለይ፦ ይህ ዕድሜ የምን ዕድሜ ነው?

መስክ ላይ፦ ማን ይቀድማል?

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። የጂኦሎጂ መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ፣ አቅጣጫና ዝንባሌ የሚለካ ኮምፓስ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ሜትር፣ ጂፒኤስ፣ የናሙና ከረጢቶች፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ማርከር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ በጠብታ ጠርሙስ የተያዘ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አሲዱ የኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይፍለቀለቃል፤ ዶሎማይት ላይ ግን በቢላ ፍቀው ዱቄት ካላደረጉት በቀር እምብዛም አይታይም።

ከገደሉ ግርጌ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ ይመዝግቡ። ለእያንዳንዱ ንብርብር ቁጥር ይስጡ። ውፍረቱን፣ የአለቱን ዓይነት፣ የቅንጣቱን መጠን፣ ቀለሙን፣ ከሥሩና ከላዩ ካለው ንብርብር ጋር የሚገናኝበት መስመር በአንዴ የተቆረጠ ይሁን ወይስ ቀስ በቀስ የሚለወጥ፣ ሁሉንም ይጻፉ። ቀለም የሚታየው አዲስ በተሰበረ ገጽ ላይ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ የለወጠው ገጽ ያሳስታል።

ንብርብሮቹ ያዘነበሉ ከሆነ መሬት ላይ የተለካው ርቀት ውፍረት አይደለም። ሜዳ መሬት ላይ ንብርብሮቹን በቀጥታ እያቋረጡ 40 ሜትር ቢሄዱና ዝንባሌው 30 ዲግሪ ቢሆን፣ እውነተኛው ውፍረት 40 ሲባዛ በ30 ዲግሪ ሳይን ነው፤ ማለትም 20 ሜትር። ይህን ማስተካከያ የዘነጋ ሰው በኋላ ደለሉ በምን ፍጥነት እንደተከማቸ ሲያሰላ እጥፍ ይሳሳታል።

ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተማቸው መርሆዎች እስከ ዛሬ የሥራው መነሻ ናቸው፦ ባልተነካ ድርብርብ ውስጥ ታች ያለው ይቀድማል፤ ደለል ሲከመር በአግድም ይተኛል፤ ንብርብር የሚያግደው እስኪያገኝ ድረስ ወደ ጎን ይቀጥላል። ሰው የሚሰናከለው "ባልተነካ" በምትለው ቃል ላይ ነው። የተራራ ግፊት ባጣጠፋቸው አካባቢዎች ንብርብሮች ጨርሰው ሊገለበጡ ይችላሉ፤ ያኔ ታች ያለው ታናሹ ነው። ስለዚህ የላይኛውን ፊት መለየት የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ምልክቶቹን በቅርበት እንያቸው። በጎርፍ ወይም በባሕር ውስጥ ናዳ የመጣ አንድ የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር በማጉያ መነጽር ሲታይ ግርጌው ላይ ሻካራ ቅንጣት አለው፤ ከሥሩ ካለው ጭቃ ጋር የሚገናኝበት መስመር እንደ ስለት የተቆረጠ ነው። ወደ አናቱ ሲሄዱ ቅንጣቱ እየደቀቀ መጨረሻ ላይ ጭቃ ይሆናል፤ ከባዱ ቀድሞ ስለሚሰፍር። የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳልና ጠባቡ ጫፍ ታችን ያመለክታል። በነፋስ ወይም በውሃ የተገፋ አሸዋ የሠራቸው ሰያፍ መስመሮች ከታች ቀስ ብለው ተጠማዝዘው ይተኛሉ፤ ከላይ ግን ቀጥሎ የመጣው ንብርብር ስለሸረሸራቸው ድንገት ተቆርጠው ይታያሉ። ውሃ ውስጥ የፈሰሰ ላቫ የሚሠራቸው ትራስ መሰል ቅርጾች አናታቸው ጉብ ያለ ነው፤ ጅራታቸው ከሥር ባሉት ትራሶች መካከል ወዳለው ክፍተት ይወርዳል። በአንድ ምልክት ብቻ አይፍረዱ። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ዓይነት ምልክቶች ሲስማሙ ቀስቱን ወደ ላይ ይሳሉ።

ቀጥሎ የሚቆርጠውንና የሚቆረጠውን ይለዩ። የቆረጠ ከተቆረጠው ያንሳል፤ ስብራትም ሆነ ስንጥቅ ሞልቶ የደነደነ ቅልጥ አለት ሕጉ አንድ ነው። በአንድ አለት ውስጥ የሌላ አለት ስባሪ ከተገኘ ስባሪው ይበልጣል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት በንብርብሮች መካከል ሰርጎ የገባን ቅልጥ አለት ከላይ ከፈሰሰ ላቫ ጋር ማምታታት ነው። ሁለቱም ሩቅ ሆነው ሲያዩዋቸው አግድም የተኛ ጥቁር ሰሌዳ ይመስላሉ። መለያው ጠርዙ ላይ ነው። ሰርጎ የገባው ከላይም ከታችም ያለውን አለት ያቃጥላል፤ አንዳንዴም የላይኛውን ንብርብር ስባሪ በውስጡ ይይዛል። ላቫ ግን የሚያቃጥለው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ አናቱ በጋዝ አረፋ የተበሳሳ ነው፤ በላዩ የተከመረው ደለልም የላቫውን ጠጠሮች ሊይዝ ይችላል። ልዩነቱ ውጤቱን በሙሉ ይገለብጣል። ላቫ ከሆነ ዕድሜው ከላዩ ላለው ንብርብር ጣሪያ ይሆናል፤ ያ ንብርብር ከላቫው ሊበልጥ አይችልም። ሰርጎ የገባ ከሆነ ግን ከላይም ከታችም ያሉት ንብርብሮች ከእሱ በፊት እንደነበሩ ብቻ ነው የሚያስረዳው።

በመጨረሻ የጎደለውን ጊዜ ይፈልጉ። ጄምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1788 ስኮትላንድ ውስጥ ሲካር ፖይንት ላይ ያየው ነገር የዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው። ቀጥ ብለው የቆሙ የሲሉሪያን ዘመን ንብርብሮች አናታቸው ተሸርሽሮ በላያቸው ቀጥሎ የመጣው የዴቮኒያን ዘመን ቀይ አሸዋ ድንጋይ ጋደል ብሎ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት መስመር 65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይዛለች። እንዲህ በማዕዘን የሚለያዩት ክፍተቶች ለዓይን ይታያሉ። አስቸጋሪዎቹ ከላይና ከታች ያሉት ንብርብሮች ትይዩ የሆኑባቸው ናቸው። እነዚህን ለማግኘት ያልተስተካከለ የመሸርሸር ገጽ፣ ከሥሩ ካለው አለት የመጡ ጠጠሮች፣ ጥንታዊ አፈር፣ የሥር ቀዳዳዎች፣ በባሕር እንስሳት የተበሳ ጠንካራ ወለል ይፈልጉ። አንዳንዱን ክፍተት የሚያጋልጠው ቅሪተ አካል ብቻ ነው።

ቅሪተ አካልን እንደ ሰዓት መጠቀም

ዊልያም ስሚዝ በእንግሊዝ የቦይ ቁፋሮዎችን ሲከታተል አንድ ነገር አስተዋለ። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት የኖራ ድንጋዮች በያዙት ቅሪተ አካል ይለያያሉ፤ የቅሪተ አካላቱ ቅደም ተከተልም ከቦታ ቦታ አይዛነፍም። በዚህ ተመርቶ በ1815 የእንግሊዝን፣ የዌልስንና የስኮትላንድን ከፊል የሚያሳይ የጂኦሎጂ ካርታ አሳተመ። ዘዴው የሚሠራው ፍጥረት ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ስለማይመጣ ነው።

ሁሉም ቅሪተ አካል ግን እኩል አይጠቅምም። ለዕድሜ የሚፈለገው በጂኦሎጂ ሚዛን ለአጭር ጊዜ የኖረ፣ በሰፊ አካባቢ የተሰራጨ፣ በብዛት የሚገኝና በቀላሉ የሚለይ ነው። ሲንሳፈፉ ወይም ሲዋኙ የኖሩት ከዚህ መለኪያ ጋር ይስማማሉ። የጂኦሎጂ ዘመናትን ከጥንቱ ጀምረን ብንሄድ፦ ለካምብሪያን ትሪሎባይቶች፣ ለኦርዶቪሺያንና ለሲሉሪያን ግራፕቶላይቶች፣ ከካምብሪያን እስከ ትራያሲክ መጨረሻ ኮኖዶንቶች፣ ለጁራሲክና ለክሬቴሺየስ አሞናይቶች፣ ከዚያ ወዲህ ላለው በባሕር የሚንሳፈፉ ፎራሚኒፌራዎች። ጁራሲክን የሚከፋፍሉት የአሞናይት ዞኖች በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ርዝመት አላቸው። በአንጻሩ ኮራልና ወፍራም ቅርፊት ያላቸው የባሕር ወለል ነዋሪዎች ከጊዜው ይልቅ ስለኖሩበት አካባቢ ይናገራሉ፤ ወለሉ ሲለወጥ ቦታ ይቀይራሉና። ለዕድሜ በእነሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ሲሰበስቡ ከግርጌ የተንከባለለ ስባሪ ውስጥ የተገኘውንና ከንብርብሩ ውስጥ በእጅዎ ያወጡትን ለየብቻ ይያዙ። የመጀመሪያው ለዕድሜ ሥራ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከየት እንደወረደ አይታወቅም። እያንዳንዱ ናሙና የንብርብር ቁጥርና ከንብርብሩ ግርጌ በሴንቲሜትር የተለካ ከፍታ ይኑረው፤ መለያው ከረጢቱ ላይም በውስጡም ይጻፍ፤ የላይኛው ጽሑፍ መንገድ ላይ ይፋቃል።

ጥቃቅን ቅሪተ አካላት በመዶሻ አይገኙም። ኮኖዶንትን እንውሰድ፤ ይህ ዓሣ መሰል እንስሳ ያስቀረው ጥርስ መሰል ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ሁለት ሦስት ኪሎ የኖራ ድንጋይ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ከሰበሩ በኋላ 10 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይዘፍዝፉ። የኖራ ድንጋዩ በቀናት ውስጥ ይሟሟል፤ ኮኖዶንቱ ግን ፎስፌት ስለሆነ ይተርፋል። አሲዱ ሲደክም በአዲስ ይተኩ፤ ዝቃጩን በወንፊት አጥበው አድርቀው በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን ብሩሽ ይልቀሙ። ለመቸኮል ብሎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የጨመረ ሰው ኖራውን ከነፎስፌቱ ያሟሟዋል፤ ባዶ ወንፊት አይቶም "ቅሪተ አካል የለውም" ብሎ ይጽፋል። የኮኖዶንቱ ቀለምም ራሱ መረጃ ነው። ያልሞቀው ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ በጊዜ ብዛት እየሞቀ ሲሄድ ቡናማ፣ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ሆኖ ካገኙት በዚያው አለት ውስጥ ያሉ በሙቀት የሚዛቡ የዕድሜ ሰዓቶች (በኋላ የምናያቸው ማዕድናት) ሁሉ እንደተጠረጠሩ ይያዙ።

ዕድሜውን የሚያጠበው የበርካታ ዝርያዎች መደራረብ ነው። በአንድ ንብርብር ውስጥ ሦስት ዝርያዎች ተገኙ እንበል። "ሀ" ከ420 እስከ 390፣ "ለ" ከ400 እስከ 370፣ "ሐ" ከ410 እስከ 385 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደኖሩ ከሌሎች ቦታዎች ይታወቃል። ሦስቱ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት ከ400 እስከ 390 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ለብቻቸው ሲታዩ 25 ወይም 30 ሚሊዮን ዓመት የሚሸፍኑ ነበሩ፤ አብረው ግን ወደ 10 ሚሊዮን አጠበቡት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ከድሮ አለት ተሸርሽሮ አዲስ ደለል ውስጥ የገባ ቅሪተ አካል ነው። ጠርዙ ተፈግፍጎ ከተድቦለቦለ፣ ውስጡን የሞላው ደለል ከአካባቢው ደለል የተለየ ከሆነ፣ ቀለሙ ከጎረቤቶቹ ከተለየ ይጠርጥሩት። ሕጉ ቀላል ነው፤ የንብርብሩን ዕድሜ የሚወስነው በውስጡ ያለው ታናሹ እንጂ ታላቁ አይደለም። ሁለተኛው ወጥመድ "መጨረሻ ላይ የታየበት" የሚባለው ነው። ፊል ሲኞርና ጄር ሊፕስ በ1982 እንዳሳዩት፣ ቅሪተ አካል ሆኖ መቆየት ብርቅ ስለሆነ የአንድ ዝርያ የመጨረሻው ናሙና በትክክል ከጠፋበት ጊዜ ላይ አይገኝም፤ ከዚያ በፊት ነው የሚገኘው። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት የተከሰተ እልቂት በድንጋዩ ላይ ቀስ በቀስ የተካሄደ ይመስላል። ማስተካከያው ከድንበሩ በታች ባሉት ሜትሮች ውስጥ ናሙናን ማብዛት ነው። "አላገኘሁም" ለማለት ምን ያህል ኪሎ አለት እንደታየ መጻፍ አለበት።

ዓመቱን የሚቆጥረው ሰዓት

ቅሪተ አካል የሚለው "ይህ ከዚያ ይቀድማል" ነው፤ በስንት ዓመት እንደሚቀድም አይነግርም። ለዚያ የራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ፣ ማለትም ጨረር እየለቀቀ ወደ ሌላ የሚለወጥ የአቶም ዓይነት፣ ያስፈልጋል። ወላጁ አይሶቶፕ በማይለወጥ ፍጥነት ወደ ልጅ አይሶቶፕ ይበሰብሳል፤ የሁለቱ ጥምርታ ከተለካ ጊዜው ይሰላል።

ችግሩ ቅሪተ አካል የያዘውን የአሸዋ ወይም የጭቃ ድንጋይ በቀጥታ መለካት ብዙም የማይጠቅም መሆኑ ነው። ቅንጣቶቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የሚሰጡት የአባታቸውን አለት ዕድሜ ነው። ከአሸዋ ድንጋይ የወጣ ዚርከን (ጥቃቅን ክሪስታል የሚሠራ ጠንካራ ማዕድን) ሊነግር የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ ድንጋዩ ከዚህ ዚርከን ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የሚፈለገው በንብርብሮቹ መካከል የገባ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመድ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፤ ክሪስታሎቹ የተፈጠሩትም ብዙ ጊዜ ከፍንዳታው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በጥንታዊ የባሕር ደለል ውስጥ አመድ ወደ ሸክላነት ይለወጣል፤ ፈዛዛ፣ ለስላሳ፣ ሲረጥብ የሚያዳልጥ፣ አንዳንዴ ከሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የማይበልጥ ስስ መስመር ሆኖ ይታያል።

ናሙናውን ሲወስዱ የውጪውን 10 ወይም 20 ሴንቲሜትር ቆፍረው ይጣሉ። ከአመዱ ግርጌ ይውሰዱ፤ ከባድ ክሪስታሎች እዚያ ይሰፍራሉ። ከሥሩና ከላዩ ያለው ደለል እንዳይቀላቀል ይጠንቀቁ። ለዚርከን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አዲስ ከረጢት ይጠቀሙ፤ አንድ የባዕድ ዚርከን ቅንጣት ከቀደመው ናሙና ቢሻገር ሥራውን ያበላሻል።

ቤተ ሙከራ ሲደርስ ለስላሳው አመድ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጠንካራው ይፈጭና ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ባለው ወንፊት ያልፋል። ሸክላው ታጥቦ ይወገዳል፣ ማግኔት የሚስባቸው ማዕድናት ይወጣሉ፣ ቀሪው ጥግግቱ በአንድ ሴንቲሜትር ኪዩብ 3.3 ግራም በሆነ ሜቲሊን አዮዳይድ ውስጥ ይጨመራል። ኳርትዝ 2.65 ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ዚርከን 4.6 አካባቢ ስለሆነ ይሰምጣል። ፈሳሹ መርዛማ ነውና ጭስ በሚስብ ካቢኔ ውስጥ ብቻ ይሠራ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በእጅ መልቀም ይመጣል። ጫፋቸው የሾለ፣ ረዘም ያሉ፣ ጥርት ያሉ ክሪስታሎች ይመረጣሉ። ተፈግፍገው የተድቦለቦሉት በወንዝ ወይም በነፋስ የተንከራተቱ እንግዶች ናቸው።

ዚርከን የሚወደደው ሲፈጠር ዩራኒየምን ተቀብሎ ሊድን፣ ማለትም እርሳስን፣ ስለማያስጠጋ ነው። በውስጡ የሚገኘው ሊድ ከሞላ ጎደል ከዩራኒየም የተወለደ ነው። ድክመቱ የራሱ ጨረር ክሪስታሉን ማቁሰሉ ነው፤ በቆሰለው ቦታ ሊድ ያመልጣል፤ ዕድሜውም አንሶ ይነበባል። ጄምስ ማቲንሰን በ2005 ያቀረበው መፍትሔ ዛሬ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ዚርከኑ 900 ዲግሪ አካባቢ ለ60 ሰዓት ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በከፊል እንዲሟሟ ይደረጋል። የቆሰለው ክፍል ቀድሞ ይበላል፤ ጤናማው ይተርፋል። ከዚያ የተረፈው ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ አቶሞችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይለካል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ አልፎ ካልሺየምን የሚያጠቃ አደገኛ ነገር ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም፤ የካልሺየም ግሉኮኔት ቅባት ከሥራ ቦታው አይጠፋም።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ከአንድ ዚርከን የተለካው የሊድ-206 ለዩራኒየም-238 ጥምርታ 0.0400 ሆነ። 1 ይደመርበታል፤ የ1.0400 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 0.03922 ነው። ይህ በዩራኒየም-238 የመበስበስ ቋሚ (በየዓመቱ የሚበሰብሰው ድርሻ)፣ ማለትም በዓመት 1.55125 በ10 ቢሊዮን ሲካፈል፣ 252.8 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። አሁን ሁለተኛውን ሰዓት ይጠይቁ። የዩራኒየም-235 ቋሚ በዓመት 9.8485 በ10 ቢሊዮን ነው፤ በ252.8 ሚሊዮን ዓመት የሊድ-207 ለዩራኒየም-235 ጥምርታ 0.2827 ገደማ መሆን አለበት። የተለካው ከዚህ ጋር ከገጠመ ሁለቱ ሰዓቶች ተስማምተዋል። ካልገጠመ ወይ ሊድ አምልጧል፣ ወይ በመሃሉ የቆየ እምብርት አለ፣ ወይ ከዩራኒየም ያልተወለደ ተራ ሊድ ገብቶበታል። በአንድ ማዕድን ውስጥ እርስ በርስ የሚፈታተሹ ሁለት ሰዓቶች መኖራቸው ለዚህ ሙያ የተሰጠ ትልቅ ጸጋ ነው። የመለኪያውን ስሜታዊነትም ልብ ይበሉ፦ ጥምርታው በ1 በመቶ ተሳስቶ 0.0404 ቢሆን ዕድሜው 255.3 ይሆናል፤ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተዛነፈ ማለት ነው።

ይህ ዘዴና ቅሪተ አካል ሲጋቡ ምን እንደሚገኝ ለማየት ቻይና ውስጥ ያለውን ሜይሻን ማየት ይበቃል። የትራያሲክ መጀመሪያ እዚያ የተተከለው ሂንዲዮደስ ፓርቩስ የተባለው ኮኖዶንት በመጀመሪያ በታየበት ነጥብ ላይ ነው፤ ከላይና ከታች ደግሞ የአመድ ንብርብሮች አሉ። የእነሱ ዚርከኖች ድንበሩን 251.902 ± 0.024 ሚሊዮን ዓመት ላይ አስቀመጡት። ነጥቡን የመረጠው ቅሪተ አካሉ ነው፤ ቁጥሩን የሰጠው አመዱ። ኮኖዶንቱ ባይኖር ያ ቁጥር የአንድ መንደር አመድ ዕድሜ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ለየትኛው አለት የትኛው ሰዓት?

ዚርከን ከሌለ ሳኒዲን የተባለውን ፌልድስፓር ይፈልጉ። በውስጡ ያለው የፖታሲየም-40 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪበሰብስ የሚወስደው ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከሚበሰብሰው 11 በመቶ ገደማው አርጎን-40 ይሆናል። በአሁኑ አሠራር ናሙናው ዕድሜው ከሚታወቅ ማመሳከሪያ ጋር በኑክሌር ሬአክተር ውስጥ ይቀመጣል። ኒውትሮን ከፖታሲየም-39 አርጎን-39 ይሠራል፤ ከዚያ በሌዘር እየሞቀ የሁለቱ አርጎኖች ጥምርታ ይለካል። ከፊሽ ካንየን አመድ የተገኘው የ28.2 ሚሊዮን ዓመት ሳኒዲን ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ማመሳከሪያ ነው። በደረጃ በደረጃ ማሞቅ የሚሰጠው ዕድሜ በየእርከኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ እርከኖች አንሶ በኋላ ከጨመረ አርጎን አምልጧል።

እያንዳንዱ ማዕድን ሰዓቱን የሚጀምርበት የራሱ ሙቀት አለው። ዚርከን ከ900 ዲግሪ በላይ ሊድን ይዞ ይቆያል፤ በአርጎን ሰዓት ሆርንብሌንድ 500፣ ባዮታይት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዙ ነው የሚዘጉት። ከአንድ ግራናይት ሦስት ማዕድናት ሦስት ዕድሜ ቢሰጡ ስህተት ነው ብለው አይጣሏቸው። አለቱ በየትኛው ጊዜ በየትኛው ሙቀት እንዳለፈ የሚናገር ታሪክ ናቸው።

ካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አይሠራም። ለዳይኖሰር አጥንት ካርቦን-14 ማሰብ ከንቱ ነው። በድንበሩ አካባቢ ደግሞ ብክለት ጨካኝ ነው፦ ካርቦን-14 ጨርሶ ያለቀበት ናሙና 1 በመቶ ብቻ ዘመናዊ ካርቦን ቢገባበት 37,000 ዓመት ሆኖ ይነበባል። የሣር ሥር፣ የጣት ቅባት፣ የቅሪተ አካል ማጣበቂያ ሙጫ ይበቃል። ናሙናውን በንጹሕ ብረት መቆንጠጫ ይያዙ፤ በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቅልሉ፤ ሙጫ አይቀቡ።

የምድር የራሷ ዕድሜ በምድር አለት አልተገኘም፤ የመጀመሪያው ቅርፊት ተመልሶ ተቀልጧልና። ክሌር ፓተርሰን በ1956 የሰጠው 4.55 ቢሊዮን ዓመት የተለካው ከሜቴዮራይቶች ነው። ከአውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኙት 4.4 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጉ ዚርከኖችም የሚገኙት ከእነሱ እጅግ ባነሰ የደለል አለት ውስጥ ነው። "የምን ዕድሜ?" የሚለው ጥያቄ እዚህም አይለቅም።

ቁጥርና ቅሪተ አካል ሲጣሉ

በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ ኩቢ ፎራ ላይ ያለው ኬቢኤስ የተባለው አመድ የታወቀ ትምህርት ነው። በ1970 የታተመው የአርጎን ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነበር። ከአመዱ ሥር የተገኙት የአሳማ ቅሪተ አካላት ግን በኢትዮጵያ ኦሞ ሸለቆ 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ባላቸው ንብርብሮች ውስጥ ከሚገኙት ጋር ይመሳሰሉ ነበር። ክርክሩ አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በኋላ ከፓሚስ ድንጋዮች (ከፍንዳታው የወጡ፣ በአረፋ የተበሳሱ ቀላል ድንጋዮች) ውስጥ የተለቀሙ ንጹሕ ፌልድስፓሮች ሲለኩ ዕድሜው 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ አሳማዎቹ ልክ ነበሩ። አመዱን ውሃ አጓጉዞት በዕድሜ የሚበልጡት ክሪስታሎች ተቀላቅለውበት ነበር። ትምህርቱ የሚሠራው በእጅ ነው፦ ናሙናን በጅምላ ከመለካት አንድ በአንድ ክሪስታል ይለኩ፤ በውሃ የተከመረ አመድ ከሆነ ፓሚሱን ይምረጡ፤ ቅሪተ አካሉ ካልተስማማ ቁጥሩን ከማተም በፊት ወደ ገደሉ ይመለሱ።

አመዱ በጣም ደቃቅ ሆኖ የሚለካ ክሪስታል ሲጠፋበትም መንገድ አለ። ኦሞ ኪቢሽ ላይ የሰው ቅሪተ አካል ከተገኘበት ንብርብር በላይ ያለው አመድ እንዲህ ነበር። ተመራማሪዎች የአመዱን መስታወት ኬሚካላዊ ይዘት ለክተው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አገናኙት፤ ከምንጩ አካባቢ የተገኘው አመድ 233,000 ± 22,000 ዓመት ሰጠ። ውጤቱ በ2022 ታተመ። ቅሪተ አካሉ ከአመዱ ሥር ነውና ይህ ዝቅተኛው ዕድሜው ነው፤ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል እንጂ አያንስም።

በሁለት አመዶች መካከል ያለን ነጥብ ለማስላት ርቀትን ይጠቀማሉ። የታችኛው አመድ 100.5፣ የላይኛው 99.3 ሚሊዮን ዓመት ቢሆንና በመካከላቸው 30 ሜትር ቢኖር፣ አንዱ ሜትር 40,000 ዓመት ወሰደ ማለት ነው። ከታችኛው በላይ 10 ሜትር ላይ ያለ ቅሪተ አካል 100.1 ይሆናል። የሁለቱም ስህተት ± 0.1 ቢሆን ስሌቱ ለመካከለኛው ± 0.07 ይሰጣል፤ ከሁለቱም ያነሰ ማለት ነው። ይህ ትክክለኛነት ማታለያ ነው፤ ደለሉ ሳያቋርጥ በአንድ ፍጥነት እንደተከመረ ተገምቶ የመጣ ነውና። በመካከሉ አንድ የተሸረሸረ ገጽ ካለ ስሌቱ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ አመድ፣ ወይም የምድር ማግኔት አቅጣጫ የተገለበጠበት እንደ 773,000 ዓመቱ ያለ የታወቀ ነጥብ፣ ግምቱን ይፈትናል። ለማግኔት ሥራ ናሙናው ከመነቀሉ በፊት አቅጣጫው ላዩ ላይ መሳል አለበት፤ ከተነቀለ በኋላ መረጃው አይመለስም።

ውጤቱን ሲጽፉ ዕድሜውን ብቻ አይተዉት። ዘዴው፣ የተለካው ማዕድን፣ ስንት ክሪስታል እንደተለካና ስንቱ እንደተጣለ፣ ለምን እንደተጣለ፣ ስህተቱ በስንት ሲግማ (የስህተት ወሰን መለኪያ) እንደተገለጸ፣ የመበስበስ ቋሚው እርግጠኛ አለመሆን ተካቶ እንደሆነ ይግለጹ። የዩራኒየምን ዕድሜ ከአርጎን ዕድሜ ጋር ሲያወዳድሩ ይህ የመጨረሻው ካልተካተተ ሐሰተኛ ልዩነት ይታያል። ስለ አለቱ ሲናገሩ "ታችኛው ጁራሲክ"፣ ስለ ጊዜው ሲናገሩ "ቀደምት ጁራሲክ" ይበሉ። በካርቦን ዕድሜ "ከአሁን በፊት" ሲባል መነሻው 1950 መሆኑን ይጻፉ። የተረፈውን ናሙና ከነጂፒኤስ ነጥቡና ከነንብርብር ቁጥሩ ያስቀምጡ፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።